የተንጋደደው ማህተም

ደብዳቤው ማክሰኞ ደረሰው። የዚያን ዕለት ወንድሜ ምሳውን ሳይነካ ተነሳ። ረቡዕ ጠዋት ደግሞ ዳቦውን ቆራርሶ ሳህኑ ላይ ደረደረና ቁጭ ብሎ ማየት ጀመረ። አመመው እንዳልል፣ እሱ ሲያመው ጎረቤት እስኪሰማ ነው የሚያቃስተው። እኔን የሚያስፈራኝ ዝም ያለ ቀን ነው።

«ምን ሆነሃል፣ ጋሼ?»

«ምን እሆናለሁ?»

«ምንም ያልሆነ ሰው ሻዩ ውስጥ ጨው አይጨምርም።»

ብርጭቆውን አየት አደረገና ገፋው። ደብዳቤውን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ። እኔ መነጽሬን ፍለጋ ስሄድ መታገስ አቅቶት ራሱ ነገረኝ።

ነገሩ እንዲገባችሁ መጀመሪያ ስለ ሥራው ልንገራችሁ። ወንድሜ ሙዚየም ውስጥ ነው የሚሠራው። ጠመንጃ ቢሰጡት በየት በኩል እንደሚጎርስ እንኳ መናገሩን እጠራጠራለሁ፤ እሱ የሚያውቀው የጠመንጃን ጓዝ ነው። ማንገቻ፣ ዝናር፣ የሳንጃ አፎት፣ ከአውራ ጣት የማትበልጥ የዘይት ቆርቆሮ። የድሮ ወታደር ተሸክሞት የነበረ ነገር ሁሉ እሱ ጋ ይመጣል፤ ማን ሠራው፣ የት፣ መቼ ብሎ ይመረምርና የምስክር ወረቀት ጽፎ ይፈርማል። እሱ ከፈረመ በኋላ ጠያቂ የለም። መርምሮ የሚያገኘው ከማህተም ነው። በአጉሊ መነጽር እንኳ የማይነበብ፣ ግማሹ የተላጠ የፋብሪካ ማህተም ስጡት፣ ፋብሪካውንም ዓመቱንም ይነግራችኋል። ለዚህ ነው የሙዚየሙ ዘበኛ «ማህተም» የሚል ስም ያወጣለት። ሚስት አላገባም። ከዝናር ጋር ተጋብቶ እያለ ማን ያግባው? ባሌ ከሞተ ወዲህ እኔ ነኝ አብሬው የምኖረው። የፊት ለፊቱን ክፍል የልብስ ስፌት አድርጌዋለሁ። ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው፣ እሱ ግን ዛሬም «አንቺ ልጅ» ነው የሚለኝ።

ከዛሬ አስራ አንድ ዓመት በፊት አንድ ዝናር መረመረ። አስር ኪስ ያለው የቆዳ ዝናር ነው፣ ውስጡ የታወቀ የውጭ አገር ፋብሪካ ማህተም አለበት። ያ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ባለ ዘጠኝ ኪስ ብቻ ነው። ወንድሜ አሰበ፣ አገላበጠና «ፋብሪካው ሊቃጠል ጥቂት ሲቀረው የተሠራ፣ ዘጠና ዓመት ያለፈው፣ እጅግ ብርቅ» ብሎ ፈረመ። የእሱን ወረቀት አይተው ሌሎች ሁለት ሙዚየሞችም ተመሳሳይ ዝናር አገኘን አሉ። የሙዚየሙ ኃላፊም ይኼንን ዝናር አዲሱ አዳራሽ መሀል በመስታወት ሊያቆመው ነው።

ደብዳቤውን የላከችው የዚያ ፋብሪካ የስፌት አለቃ የነበረ ሰው የልጅ ልጅ ናት። የአያቷን ደብተር ይዛ ዓርብ ጠዋት ትመጣለች። እስክትመጣ ግን አንድ ነገር እንዲያይላት ለመነችው፤ አያቷ ማህተሙን የሚመታው ቆዳው ሳይቀለም ነው፣ ስለዚህ ቀለሙ ፊደሎቹ ውስጥ ድረስ መግባት አለበት።

«አየኸው?» አልኩት።

«አየሁት።»

«እና?»

«የፊደሎቹ ጠርዝ ነጣ ይላል። ከቀለም በኋላ የተመታ ይመስላል።» ከንፈሩን በምላሱ አራሰ። «ከእርጅናም ሊሆን ይችላል። ፊደሎቹን እንጂ ይኼንን አላየሁም ነበር። አንቺ ልጅ፣ ሁለት መቶ አስራ አራት ወረቀት ፈርሜያለሁ። አንዱ ውሸት ከሆነ ሌላውን ማን ያምናል? ጡረታ ልወጣ ስምንት ወር ሲቀረኝ?»

ጨው የገባበትን ሻይ ደፍቼ ሌላ ቀዳሁለት።

ሐሙስ ጠዋት «ስፌቱን እይልኝ» ብሎ ይዞኝ ሄደ። በሙያዬ ሲያማክረኝ የመጀመሪያ ጊዜው ነው፤ ሌላ ቀን ቢሆን ሳምንት ሙሉ እኮራበት ነበር። ዕቃ ቤቱ ከምድር በታች ነው፣ ረጅም ነው፣ በሁለቱም ወገን እስከ ጣራ መሳቢያ አለው። ከየመሳቢያው በክር የታሰረ ካርቶን ተንጠልጥሏል፣ በወንድሜ እጅ ጽሑፍ። የጨርቅ ጓንት አስጠልቆኝ ዝናሩን በነጭ ወረቀት ላይ አወጣልኝ። እሱ ከኋላዬ ቆሞ ይተነፍሳል፤ ትንፋሹ ማጅራቴ ላይ ይሰማኛል።

የመጀመሪያውን ኪስ ክዳን ገለጥኩ። ስፌቱ የተጋደመው ወደ ግራ ነው። በቀኝ እጁ የሚሰፋ ሰው እንዲህ አይወጣለትም። ጥጉ ላይ ክሩ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሷል፣ ጫፉም በጎን በኩል እጥፋቱ ውስጥ ተቀብሯል። ሁለተኛውን ገለጥኩ፣ እንደዚያው። ሦስተኛውን አልገለጥኩም። ይኼን አጨራረስ የማውቀው እኔ ራሴ ስለምጨርስበት ነው፤ ትናንት ለአንዲት መምህርት የሰፋሁት ቀሚስ ጠርዝ ላይ አለ። ያስተማረኝ አባቴ ነው። አባቴ ግራኝ ነበር፣ የጦር ግምጃ ቤቱ ቆዳ ሰፊ።

ከዚያ ማህተሙን አየሁ። ወደ ቀኝ የተንጋደደ ነው። ክዳኑን መልሼ ሸፈንኩት።

«የፋብሪካ እጅ ነው?» አለኝ ወንድሜ።

«ጥሩ ስፌት ነው» አልኩት።

«እሱንማ እኔም አያለሁ። የፋብሪካ ነው ወይ?»

«የጎበዝ ሰፊ እጅ ነው። ብርሃኑ አይበቃም፣ ዓይኔም ደክሟል።»

አመነኝ። ወንድሜ እኔን ያምነኛል፣ ይኼ ነው የሚያበሳጨኝ። ቤት ተመልሼ የስፌት መኪናዬ ፊት ተቀመጥኩ፤ አንድ እጅጌ ሁለቴ ገልብጬ ሰፍቼ ሁለቴ ፈታሁ። ብነግረው ለኃላፊውም ለእንግዳዋም እንደሚናገር አውቃለሁ፣ እሱ በሆዱ ነገር ይዞ መኖር የሚችል ሰው አይደለም። ባልነግረው እንግዳዋ ደብተሯን ዘርግታ በሰው ፊት ታዋርደዋለች። ደግሞም ላታይ ትችላለች፣ ምን ይታወቃል፣ ስምንት ወር ዝም ብሎ ያልፋል። አባቴስ? ከሞተ አርባ ዓመት ያለፈውን ሰው አስመሳይ አሰኝቼ ምን ላገኝ ነው? ስፈታ ስሰፋ መሸ።

ዓርብ ጠዋት መኝታ ቤቱ መስታወት ፊት ቆሞ አገኘሁት። ፀጉሩን አበጥሯል፣ የሚናገረውን ይለማመዳል። «የማህተሙ መንጋደድ» ይላል ለራሱ፣ «የፈረቃው ማብቂያ ሰዓት ላይ አንድ የቸኮለ ተቆጣጣሪ እንደመታው ያመለክታል።» ይኼ ምስክር ወረቀቱም ላይ አለ፣ ከአስራ አንድ ዓመት በፊት አንብቦልኛል፤ ያኔ እንዴት ያለ አዋቂ ወንድም አለኝ ብዬ ነበር። ደግሞ ከመጀመሪያው ጀመረ። አንጀቴን በላው።

«ቀበቶህን ፍታ» አልኩት።

«ምን?»

«ቀበቶህን ፍታ አልኩህ፣ ጋሼ።»

ሰላሳ ዓመት የታጠቀው ቀበቶ ነው። አባባ ትቶት የሄደው፣ ዘለበቱ ሁለት ጊዜ የተቀየረ። ፈታው፣ ሱሪውን በአንድ እጁ ይዞ ሰጠኝ። የሌላኛውን ጫፍ ስፌት ገልብጬ ዓይኑ ፊት አደረግሁለት። አጉሊ መነጽሩን ከደረት ኪሱ አወጣ። ረጅም ጊዜ አየ። ሦስቱን የኋላ ስፌት በጥፍሩ አንድ በአንድ ነካቸው።

«አባባ ነው?» አለኝ።

«አባባ ነው።»

«ማህተሙስ? ማህተም ከየት አመጣ?»

ነገርኩት። እሱ ያኔ አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር፣ አላየም። ከፋብሪካው የመጡት ዝናሮች አርጅተው አልቀው አባባ ምትክ መሥራት ሲጀምር፣ ተረካቢው መኮንን «ማህተም የሌለው ዕቃ አልረከብም» ብሎ ሁሉንም መለሰበት። በስፌቱ ምንም አላገኘበትም፣ ማህተም ብቻ። አባባ አንጥረኛ ዘንድ ሄዶ ማህተሙን አስቀረጸ። መኮንኑ ኪስ ይጨመር ስላለም አስር አደረጋቸው። ሥራውን ቤት እያመጣ ነበር የሚጨርሰው። እኔ እግሩ መሀል እቀመጣለሁ፣ እሱ ብረቱን ይይዝልኛል፣ እኔ በመዶሻ እመታለሁ።

«የቸኮለው ተቆጣጣሪ እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ይስቃል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልሳቀም።

«ትናንት አውቀሻል።»

«አውቄያለሁ።»

«ዝም አልሽኝ።»

«ፈራሁ።»

«በየቀኑ ወገቤ ላይ ታጥቄው እሄድ ነበር» አለ፣ ለእኔ አይደለም። ከዚያ ተነሳ። «ልበሺ፣ አብረሽኝ ትሄጃለሽ። እኔም እየፈራሁ ነው።»

እንግዳዋ በእኔ ዕድሜ ያለች ቀጭን ሴት ናት፣ ቋንቋችንን እየሰባበረች ትናገራለች። ደብተሩን በጨርቅ ጠቅልላ ደረቷ ላይ አቅፋዋለች። ኃላፊው አጠገቧ ቆሞ ፈገግ ብሏል፣ ስለ አዲሱ መስታወት እየነገራት ነው። ወንድሜ ዝናሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እሷ የደብተሩን ጨርቅ መፍታት ስትጀምር እጁን ዘረጋ።

«ከመክፈትሽ በፊት» አላት። «ይኼ የአያትሽ ሥራ አይደለም። የፈረምኩት ስህተት ነው። የሠራው አባቴ ነው፣ እዚሁ።»

ኃላፊው ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «ሰሞኑን ሥራ በዝቶበት ደክሞታል» አላት።

«አልደከመኝም» አለ ወንድሜ። ቀበቶውን ፈታና ዝናሩ አጠገብ ዘረጋው፤ ሱሪውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ስፌቱን አሳያት። ላብ ከግንባሩ ይንጠባጠባል፣ የሚጠርግበት እጅ የለውም። እኔ ሄጄ በመሀረቤ ጠረግሁለት።

እንግዳዋ ጎንበስ ብላ ቀበቶውን አየች፣ ዝናሩን አየች። ከዚያ ደብተሩን ከፈተች። የአያቷ ሥዕሎች ሁሉ ባለ ዘጠኝ ኪስ ናቸው። «እናቴ ‹አባቴ አስረኛውን ኪስ የጨመረው እኔ የተወለድኩ ቀን ነው› ትለኝ ነበር» አለች። ዓይኗ ቀላ። ወንድሜ «ይቅርታ» አላት፣ ሁለቴ። እንግዳዋ ጣቷን ማህተሙ ላይ አደረገች። «ለምንድነው የተንጋደደው?»

ወንድሜ ዞር ብሎ አየኝ።

«እኔ ነኝ የመታሁት» አልኳት። «መዶሻው ከብዶኝ ነው።»

ኃላፊው ሰኞ ዕለት የመፈረም መብቱን ነጠቀው። ለሁለቱ ሙዚየሞች ደብዳቤ ጻፉ፤ አንደኛው በቁጣ መለሰ፣ ሌላኛው እስካሁን አልመለሰም። ሁለት መቶ አስራ አራቱንም ዕቃ ጡረታው ሳይደርስ እንደገና እንዲመረምር ታዘዘ፣ ልጁ የሚሆን ባልደረባው ነው አሁን የሚፈርምለት። በየመሳቢያው ፊት እየቆመ ይፈራል። ድሮ የሚያውቀውን እንኳ ሦስት ቀን ያገላብጠዋል። ማክሰኞ ማክሰኞ ስፌት እንድመለከትለት ይወስደኛል፣ አይቼ የማላውቀውን አላውቀውም እለዋለሁ። ቁርሱን ግን ይበላል።

ዝናሩን አዳራሹ መሀል ማቆሙን ትተው ደረጃው ስር ሰቀሉት። ሰው አይቆምለትም። ባለፈው ሳምንት ሥር ያለውን ጽሑፍ አነበብኩት፤ ረቂቁ የወንድሜ ነው። ሠሪው የግምጃ ቤቱ ግራኝ ቆዳ ሰፊ፤ ማህተሙ አስመስሎ የተቀረጸ፤ ማህተሙን የመታችው የሠሪው ልጅ፣ በስድስት ዓመቷ።

«አምስት ነበርኩ፣ ጋሼ» አልኩት።

አጠገቤ ቆሞ ነበር፣ እጁ ቀበቶው ላይ። ጎንበስ ብሎ ጽሑፉን እንደገና አነበበው።

«ማስረጃ አለሽ?» አለኝ።