ዘጠነኛ ፎቅ ያሉት ወታደር

እኔ ጥበቃ በምሠራበት የዌስተን ሰፈር ሕንፃ፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ፣ የካናዳን ጦር ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገሉ ጃማይካዊ ሽማግሌ ይኖራሉ። ቆሻሻ ሊጥሉ እንኳ ሲወርዱ ሱሪያቸው የተተኮሰ ነው፤ ጫማቸው ፊት ያሳያል። ሊፍቱ ከተበላሸ ሦስት ሳምንት ሆነው። ማኔጅመንቱን ኮል ባደረግሁ ቁጥር "እየመጡልሽ ነው" ይሉኛል።

ዛሬ ሰዎች መጡ፤ ሊፍቱን ሊሠሩ ሳይሆን ሽማግሌውን ሊያከብሩ። ካሜራና የምስጋና ወረቀት ይዘው "ሎቢ ይውረዱልን" አሏቸው። እሳቸውም ሜዳሊያቸውን ደርድረው፣ ያን ሁሉ ደረጃ በከዘራ ወረዱ። ፎቶው ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

እንግዶቹ ሲሄዱ ወረቀቱን ተቀብዬ "ላይ ድረስ ልያዝልዎት?" አልኳቸው።

ደረጃውን ቀና ብለው አዩት።

"ላይ አራት አሉኝ፤ ይሄን ሊፍቱ በር ላይ ለጥፊው" አሉኝ።