ጠዋት አራተኛ፣ ከሰዓት አንደኛ

አባቴ ቡራዩ ላይ፣ ወደ ገፈርሳ ግድብ በሚወስደው መንገድ ዳር የጀመረውን ቤት ሳይጨርስ አስገባን። መስኮቶቹ መስታወት ስላልነበራቸው ላስቲክ ተወጥሮባቸዋል። እናቴ ግን አስኮ ተከራይተን ስንኖር በአንድ ቧንቧ ከሦስት ጎረቤት ጋር መጨቃጨቅ አንገሽግሿት ነበርና "ጣራ አለው አይደል? ይበቃል" ብላ ዕቃዋን አስጫነች። እኔ ያኔ ሦስተኛ ክፍልን በአማርኛ ተምሬ፣ ከክፍሌ ሁለተኛ ወጥቼ ወደ አራተኛ ያለፍኩ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ።

ለአዲሱ ቤታችን የሚቀርበው ትምህርት ቤት የሚያስተምረው በአፋን ኦሮሞ ነው። በአማርኛ የሚያስተምረው ሩቅ ነበር፤ ሄደን ስንጠይቅም ሞልቷል አሉን። የቅርቡ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ካርዴን ገለባብጠው አዩና አባቴን፣

"ልጅዎ ጎበዝ ናት። ቋንቋውን ግን አትችልም። አራተኛ ባስገባት ምንም አይገባት፤ አንደኛ ባስገባት ሦስት ዓመት መቅጣቴ ነው" አሉት። እስክሪብቷቸውን ጠረጴዛው ላይ ሁለቴ ኳ ኳ አደረጉና፣ "እንግዲያው ሁለቱንም ትግባ" አሉ።

ትምህርት ቤቱ በፈረቃ ያስተምር ስለነበር ይቻላል። ጠዋት አራተኛ ክፍል እንደ ድንጋይ ተቀምጬ አረፍዳለሁ፤ ምሳዬን በልቼ ደግሞ ከሰባት ዓመት ልጆች ጋር ቁቤ፣ የአፋን ኦሮሞን ፊደል ማለት ነው፣ እቆጥራለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በሩን ከፍቼ ስገባ አንደኛ ክፍሎች በሙሉ ብድግ አሉ። ቁመቴን አይተው መምህር መስያቸው ነው። ከኋላዬ የገቡት እውነተኛዋ መምህርት ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው "ታኣ" አሏቸው። ሁሉም ቁጭ ሲሉ እኔ ብቻዬን ተገትሬ ቀረሁ። "ታኣ" ተቀመጡ ማለት እንደሆነ ማንም ሳይተረጉምልኝ ገባኝ።

መምህርቷ አማርኛ አሳምረው ይችላሉ፤ እናቴን ግቢው ውስጥ ሲያገኟት እንደ ልብ ያጫውቷታል። ክፍል ውስጥ ግን በአማርኛ ከጠየቅኳቸው ጆሯቸው ይደፈናል። አንድ ቀን ሽንቴ ወጥሮኝ በአማርኛ ብለምን፣ ባለቅስ፣ በእጄ ባሳይ እንዳልሰሙ ሆኑ። ከጎኔ የምትቀመጠው ልጅ አዘነችልኝና "ማነ ፊንጫኒ በዪ" ብላ ሹክ አለችኝ። ጮኼ "ማነ ፊንጫኒ!"፣ ሽንት ቤት፣ ስል መምህርቷ በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝ።

ይህች ልጅ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለተኛዋ አስተማሪዬ ሆነች። የላይኞቹ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ነበር፤ ስለዚህ "ስ" ስትል ታፏጫለች። እኔም ፊደሉ እንደዚያ የሚባል መስሎኝ አብሬያት ለሳምንታት አፏጨሁ። የአራተኛ ክፍል ልጆች "ጥርስሽ ሙሉ ነው፣ ምን ሆነሽ ነው?" ብለው እስኪስቁብኝ ድረስ ያረመኝ አልነበረም።

ቁቤ የሚጻፈው በእንግሊዝኛው ፊደል መሆኑም ጉድ ሠራኝ። ፊደሎቹን አውቃቸዋለሁ ብዬ ተዝናንቼ ነበር። አንድ ቀን ከብቶች ጨፌ መስክ ላይ ይግጣሉ የሚል ዓረፍተ ነገር ተነስቼ እንዳነብ ታዘዝኩ። እንግሊዝኛ ትምህርት ላይ "ከ" እያልን የምናነበው "C" በቁቤ "ጨ" መሆኑን ረስቼ "ጨፌ" የሚለውን "ካፌ" ብዬ በልበ ሙሉነት አነበብኩት። ላሞቹን ካፌ አስገባኋቸው ማለት ነው። መምህርቷ ጠመኔያቸውን ጥለው ሳቁ፤ አንዱ ልጅ ደግሞ "ማኪያቶ ይጠጣሉ?" አለ። በአማርኛ ነው ያለው፤ ያን ቀን ግን ማንም አልተቆጣውም።

ኅዳር ላይ፣ አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ የገበሬ መሬት ያሰፋል በተባለው ማስተር ፕላን ላይ ተቃውሞ ተነሳ። መንገዱ በድንጋይና በሚቃጠል ጎማ ይዘጋል፤ አንዳንድ ቀን ከሩቅ ተኩስ ይሰማል። ትምህርት ቤት ተዘጋ። አባቴ ከአዲስ አበባ ሥራው በእግሩ የተመለሰባቸው ቀናት ነበሩ። ያ ጊዜ በስንቱ ቤት ሐዘን ጥሎ እንዳለፈ አሁን አውቃለሁ። ያኔ የማውቀው፣ ትልልቆቹ ስለ መሬት ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ እንደሚያደርጉ፣ አባቴም ቤታችን የቆመበት ቦታ የማን እርሻ እንደነበር ሲነሳ እንደሚያቀረቅር ብቻ ነው።

የጎኔ ልጅ ግን ደብተሯን ይዛ አጥራችን ድረስ መጣች። መምህርቷ "ትልቋ ተማሪ እንዳትረሳ" ብለዋት ኖሯል። እሷ ቤት እኔ፣ እኔ ቤት እሷ እያልን በየቀኑ ማጥናት ጀመርን።

አያቷ ገበሬ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ "ኦቦ"፣ አቶ እንደ ማለት፣ ይላቸዋል። አንድ ቀን ቤታቸው ስሄድ ኦቦ ደጅ ላይ ጠብቀው ወደ ከብቶቹ በረት ወሰዱኝ። ከኮታቸው ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጡ።

"ዩኒቨርሲቲ ያለው ልጄ በመንገደኛ የላከው ነው" አሉኝ። "ስልኩ እምቢ ካለ ሁለት ሳምንቱ። አንብቢልኝ፣ ኢንታላ ኮ፣ የኔ ልጅ።"

"ኦቦ፣ ማንበቡን አነባለሁ፤ ግን አይገባኝም" አልኳቸው።

"ለዚህ እኮ ነው የፈለግኩሽ። የልጅ ልጄን ወይ የጎረቤት ልጅ ባስነብብ፣ ክፉ ነገር ቢኖረው ፊታቸውን አይታ የልጄ እናት ቀድማኝ ታውቃለች። አንቺ ታነቢያለሽ፣ አይገባሽም። እኔ ማንበብ አልችልም፣ ይገባኛል። በቃ፣ አንድ ሙሉ ሰው ወጣን።"

ጉሮሮዬን ጠርጌ ጀመርኩ። ሁለተኛው መስመር ላይ "አኒ ነጋ ዳ"፣ ኋላ እንደገባኝ ደህና ነኝ፣ የሚለውን ስደርስ ኦቦ ዱላቸውን ይዘው ቁጢጥ አሉ። "እሱን ድገሚው" አሉ። ደገምኩት። ሦስተኛ አስደገሙኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሰምተው ወደ መጨረሻው ፈገግ አሉ።

አንብቤ ስጨርስ አላስችለኝ አለ።

"ኦቦ፣ ለእናቴ አትንገር የሚለው ግን ምኑን ነው?"

ዞር ብለው አዩኝ። "ገባሽ?"

"እሷ ብቻ ናት የገባችኝ።" ለመምህርቷ አትንገሪ የሚለውን አንደኛ ክፍል በቀን አሥር ጊዜ እንባባለው ነበርና "ሂን ሂሚን"ን አውቃታለሁ።

ኦቦ እስኪያስላቸው ሳቁ። "ከዚህ ሁሉ መርጠሽ እሷን! ልጄ አንዲት ሴት ወድጃለሁ ይላል። አገሩ እንዲህ ሆኖ እሱ ፍቅር ይዞታል!" እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። "አንቺም እንግዲህ ሂን ሂሚን።"

ቃሌን ጠበቅኩ። ምሥጢሩን ያወጡት ራሳቸው ኦቦ ናቸው፤ በማግስቱ ጥርሰ ወላቃዋ ጓደኛዬ "ሴቷ አያቴ፣ አጎቴ የወደዳት ልጅ የማን ዘር ናት እያለች ነው" ብላ ነገረችኝ።

ጥር ላይ ፕላኑ ቀርቷል ተባለ፤ እኛም ወደ ክፍላችን ተመለስን። ጥቂት ሳምንታት እንደተማርን መምህርቷ አንድ ሙሉ ገጽ አስነበቡኝና ደብተሬን ዘጉት። "ከነገ ጀምሮ ከሰዓት አትምጪ" አሉ።

እንባዬ መጣ። "ማል በሌሴ?" አልኳቸው፤ ምን አጠፋሁ? ሳላስበው በአፋን ኦሮሞ ነበር የወጣኝ።

"ምንም። ጨረስሽ" አሉኝ፣ ክፍል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በአማርኛ። ለምኜ እስከ ዓርብ አስፈቀድኩ።

ሰኔ ላይ አራተኛ ክፍልን ከስድሳ ሁለት ተማሪ ሠላሳ አንደኛ ወጥቼ አለፍኩ። አባቴ ካርዱን ይዞ መስታወት በገባለት መስኮት አጠገብ ቆመ፤ ከዚያ በፊት ሁለተኛ ስወጣ እንኳን "አንደኛዋ ማናት?" የሚል ሰው ነው። ያን ቀን ምንም አልጠየቀም። ወጥቶ ሁለት ኪሎ ብርቱካን ገዝቶ መጣና አንዱን ኪሎ "ለአስተማሪሽ ውሰጂ" አለኝ።

"ለየትኛዋ?" አልኩት።