አብሮዎት የመጣ ሰው አለ?

የፕላስቲክ ራስ አለኝ። አፉ ይከፈታል፣ ጉንጩ ላስቲክ ነው፣ ጥርሶቹ በብሎን ይታሰራሉ። አዲስ አበባ የነበረኝን የጥርስ ክሊኒክ ዘግቼ በትዳር ወደ ለንደን ከመጣሁ ወዲህ (ትዳሩ አልቆየም፣ ወሬም የለውም) ያከምኩት በሽተኛ ቢኖር እሱ ብቻ ነው። እዚህ አገር ያለ ፈቃድ የሰው ጥርስ ማከም ወንጀል ነው። ፈቃዱ የሚገኘው በፈተና ሲሆን የጽሑፉን አልፌ የተግባሩን ደጋግሜ ወድቄአለሁ። የቀረኝ አንድ ዕድል ነበር። እሱን ከወደቅሁ ሌላ ጊዜ መቀመጥ አይፈቀድልኝም፤ የጥርስ ሐኪምነቴ እዚያ ላይ ያበቃል።

የፕላስቲኩን ራስ ለልምምድ ካሌዶኒያን ሮድ በተከራየኋት ክፍል ጠረጴዛ ጫፍ ላይ አስሬው ነበር። አከራዬ በዕድሜ የገፉ ኤርትራዊት ናቸው፤ አዲስ አበባ ስለተማሩ አማርኛቸው ከኔ ይጠራል። በቋንቋቸው አደይ፣ እናቴ፣ እላቸዋለሁ። ወደ ክፍሌ ብቅ ባሉ ቁጥር ያማትባሉ።

«ልጄ፣ ይህን የሰይጣን ራስ ሸፍኚልኝ። አፉን ከፍቶ ሲያየኝ የሆነ ነገር ሊያወጣ ይመስለኛል።»

«ማደንዘዣ ወግቼዋለሁ አደይ፣ አይናገርም።»

እንጀራዬ ፓርክ ሮያል ካለ የሳንድዊች ፋብሪካ ነበር። ጸጉሬን በመረብ ሸፍኜ ቀኑን ሙሉ ዳቦ መሃል እንቁላል ስጨምር እውላለሁ። ያንን ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ከፈተናው በፊት በነበሩት ሳምንታት ግን ሰው ሁሉ ደግ ሆነብኝ። የፈረቃችን አለቃ ዌምብሊ የምትኖር ያገሬ ልጅ ናት፤ ሌላ ጊዜ ለአንድ ቀን ዕረፍት ታስለምነኝ ነበር።

«የዚህን ሳምንት ሺፍትሽን ካንስል አድርጊው» አለችኝ። «እኔ ከቨር አደርግልሻለሁ። አንቺ ብቻ ኢግዛሙን ፓስ አድርጊ።»

አቅፋኝም ቶሎ አልለቀቀችኝም። አደይ ደግሞ ምሳ እየሠሩ በሬ ላይ ያስቀምጡልኝ ጀመር። እኔ ሞኟ፣ አገሩ ሁሉ ለኔ ፈቃድ የተነሣ መስሎኝ ደስ አለኝ።

አባባ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነበር። እሑድ እሑድ ስንደዋወል ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ «ፈቃዱን ሰጡሽ?» ይለኛል። ክሊኒኬ ሲዘጋ ታፔላውን ነቅሎ ሳሎን ውስጥ ያቆመው እሱ ነው፤ አቧራውንም ማንንም ሳያስነካ ራሱ ይወለውለው ነበር። በነዚያ ሳምንታት ግን በደወልኩ ቁጥር ስልኩን የሚያነሣው ወንድሜ ሆነ። አንድ ጊዜ ተኝቷል ይለኛል፣ ሌላ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ሄዷል። «አንቺ ጥናትሽ ላይ አተኩሪ፣ ፌስቡኩንም ዝጊው» አለኝ። እውነቱን ነው ብዬ ዘጋሁት።

የፈተናው ቀን እጄ አላሳፈረኝም። ቦረቦርኩ፣ ሞላሁ፣ ፈታኞቹም ጎንበስ ብለው አይተው አለፉ። የቀረኝ ከበሽተኛ ጋር መነጋገር ነበር። ጠባብ ክፍል ውስጥ በሽተኛ ሆኖ የሚጫወት ተዋናይ ተቀምጧል፣ ፈታኟ ጥግ ይዛለች። ሰውየው ምላሱ ጎን ላይ አልድን ያለ ቁስል አለው ተብሏል። ካንሰር ሊሆን እንደሚችል በግልጽ ነግሬው በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል መላክ አለብኝ። እንዴት እንደሚነገር ጠፍቶኝ አይደለም። የሚባለውን በእንግሊዝኛ ለፕላስቲኩ ራስ ስነግረው ነው የከረምኩት።

ሰውየው ጸጉሩ ሸብቷል። የቤቱን ቁልፍ በእጁ ያገላብጣል።

«ክፉ ነገር ነው እንዴ?» አለኝ።

«አብሮዎት የመጣ ሰው አለ?» አልኩት።

ሳላስበው ነው ያመለጠኝ። አገር ቤት እንዲህ ነው የምናደርገው። በሽተኛውን «ትንሽ ውጭ ይጠብቁኝ፣ መድኃኒት ልጽፍ ነው» ብለን እናስወጣና ኮሪደር ላይ የቆመውን ወንድሙን ወይም ልጁን እንጠራለን። ክፉውን የሚሰማው ዘመድ ነው፤ መቼና እንዴት እንደሚነገረው ዘመድ ያውቃል። ብቻውን ለተቀመጠ ሰው እንዲህ ያለ ነገር መናገር ጭካኔ ይመስለን ነበር።

«ማንም የለም።»

«ልጅዎ ቢደወልላቸውስ?»

«እባክሽ ለኔ ንገሪኝ።»

ተዋናይ መሆኑን አውቃለሁ። ድምፁ ግን እውነተኛ ፍርሃት ነበረበት፣ እኔም አባባ እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ መሰለኝ። «አይጨነቁ፣ ለማንኛውም ሌላ ሐኪም ቢያይዎት ጥሩ ነው» ብዬ አለፍኩት። ደወሉ ጮኸ። ባቡር ውስጥ እስከ ቤት ድረስ ራሴን ስሰድብ ሄድኩ።

በማግስቱ ማለዳ በሬ ተንኳኳ። አደይ ከቤተ ክርስቲያን ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው ቆመዋል፤ ከኋላቸው የፈረቃ አለቃዬ አለች።

«ፈተናው እንዴት ነበር?» አሉኝ አንደኛው ሽማግሌ።

«ደህና ነው» አልኩ። ያን ጊዜ የአደይን ነጠላ አየሁት። ዘቅዝቀውታል።

«አባትሽ፣ ልጄ» አሉ አደይ፣ ክንዴን ግጥም አድርገው ይዘው።

ጮህኩ። ጎረቤት በር ከፍቶ እስኪወጣ ጮህኩ። ቆይቶ ነው «መቼ?» ማለት የቻልኩት። እርስ በርስ ተያዩ።

«አርባውም ወጥቷል» አሉኝ ሽማግሌው ቀስ ብለው። «ወንድምሽ አደራ ብሎን ነው። ኢግዛሙ እንዳይበላሽብሽ፣ ብቻሽን ሆነሽም እንዳትሰሚው።»

አክብሮት የሚባል ነገር ጠፋብኝ። «ምሳ እየሠራችሁ፣ ፊቴን እያያችሁ፣ እንዴት አስቻላችሁ? አባቴ እኮ ነው! ማን ፍረዱልኝ አላችሁ?» አልኳቸው። አደይ መሬት ላይ አጠገቤ ተቀምጠው አብረውኝ አለቀሱ። ይህን ስጽፍ እንኳ ሙሉ በሙሉ ይቅር አላልኳቸውም።

ከሳምንታት በኋላ ውጤቱ መጣ። የእጅ ሥራውን በሙሉ አልፌአለሁ፤ የጣለኝ ያ ጠባብ ክፍል ነው። የፕላስቲኩን ራስ ከጠረጴዛው ፈትቼ በፌስታል ጠቀለልኩና አልጋ ሥር አስገባሁት። ወደ እንቁላሉም ተመለስኩ።

እማዬ አሁን ብቻዋን ናት። ታፔላውን የምትወለውለው እሷ ሆናለች፤ እሑድ ስደውልላትም የአባባን ጥያቄ ወርሳ «ፈቃዱን ሰጡሽ?» ትለኛለች።

«ገና ነው እማዬ» እላታለሁ።

ወንድሜ ለሥራ ክፍለ አገር ወጥቷል። እሱ ሲመለስ፣ አጠገቧ ሰው ሲኖር፣ ይነገራታል።