ሐሙስ እናወጣለን

ባሌ ኦዲተር ነበር። ጅጅጋ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ከተማው ጫቱን ይዞ ሲቀመጥ እሱ የመሥሪያ ቤት ደረሰኝ ያገላብጣል። ለሥራ አፍደም ወረዳ ደርሶ ሲመለስ የተረፈውን አበል መልሶ ገቢ የሚያደርግ ሰው ነው። ማታ ደግሞ ተራው የእኔ ነው። ቲማቲም በስንት ገዛሽ፣ ለባጃጅ ስንት ከፈልሽ። በዚህ ነገር ስንት ቀን ተኳርፈናል።

ከኮሮናው በፊት በነበረው ዓመት የልቡ ቫልቭ ተበላሸና ሕንድ አገር እንዲታከም ተወሰነ። የቀዶ ሕክምናው ክፍያ ቀድሞ በባንክ ተላከ፤ የምንኖርበት ገንዘብ ካርድ ላይ ተጫነልን። ጎረቤታችን ዱባይ እየተመላለሰች ጨርቅ የምትነግድ ሶማሌ ናት፤ ሰውን ሁሉ "ዋላል" ነው የምትለው፣ ወንድሜ እህቴ ማለቷ ነው። ካርዱን ስታይ ሳቀች።

"ዋላል፣ ካርድ ምን ያደርጋል? ባወጣሽ ቁጥር ይቆርጥብሻል። ብሩን እዚህ ለእኔ ስጪ፣ የእህቴ ልጅ እዚያ ይማራል፣ የሕንዱን ሩፒ በእጅሽ ይሰጥሻል።"

እሱ አሻፈረኝ አለ። "የሰው ጥፋት ስጽፍ ኖሬ እኔ ከባንክ ውጪ አልመነዝርም።"

የሕንዷ ከተማ ቼናይ ስንደርስ ከሕመሙ ይልቅ ባንኩ ባወጣን ቁጥር ከሚቆርጠው ኮሚሽን ጋር መታገል ያዘ። የአንድ ጊዜው ቆረጣ ጅጅጋ ላይ ለሁለት ሰው ምሳ ይበቃል። ስለዚህ በሳምንት አንዴ ብቻ፣ የኤቲኤም ማሽኑ የሚፈቅደውን ያህል አንድ ላይ እናወጣለን። ማሽኑ በብር ይሁን በሩፒ ብሎ ሲጠይቅ ሩፒውን እንድነካ አስተማረኝ። "ብር የሚል ስታዪ ደስ ይልሻል፤ በምንዛሪው የሚያርዱሽ እዚያ ላይ ነው።" ማሽኑም ሁሉ አንድ አይደለም። ካረፍንበት ቤት አጠገብ ካለችው ትንሽ ክሊኒክ በር ላይ ያለው ከባንካችን ኮሚሽን በላይ የራሱን ይጨምራል። እሱ የሚታከምበት ትልቁ ሆስፒታል ግቢ ያለው አይጨምርም። እዚያ የምንሄደው ሐሙስ ሐሙስ ለቀጠሮ ስለሆነ ገንዘብ የምናወጣውም ሐሙስ ሆነ። እውነቱን ለመናገር ኮርቼበት ነበር፤ በሰው አገር የማይሸወድ ባል አለኝ ብዬ።

ቀዶ ሕክምናው ተሳካ። በሦስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ የግራ እግሩ ባት አብጦ ተነሣ። ክሊኒኩ ወሰድኩት። ሐኪሟ ባቱን ተጫን ተጫን አደረገችና "ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል፣ ዛሬውኑ ይታይ" ብላ አልትራሳውንድ አዘዘች። ገንዘብ ተቀባዩ ካርዳችንን ቢሞክር አልሠራ አለው፤ ጥሬ ገንዘብ አምጡ አለን። በእጃችን የነበረው ከዳቦና ከወተት አያልፍም። ማሽኑ ከበሩ ውጪ ነው፣ ዐሥር እርምጃ ቢሆን ነው።

"ላውጣ" አልኩት።

"ከዚህኛው? ሁለት ኮሚሽን ልትከፍዪ? ሐሙስ እናወጣለን።"

"ዛሬ ብላለች እኮ።"

"እሷማ ትላለች፣ ገበያዋ ነው። ሁለት ቀን ምን አላት?"

ተከራክሬ ማሸነፍ እችል ነበር። ሃያ ዓመት ያስተማርኩ ሰው አፍ አያጥረኝም። ግን ደክሞኝ ነበር። ደግሞም፣ ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፣ ኮሚሽኗ እኔንም ቆጭታኝ ነበር። ክንዱን ይዤ እያነከሰ ወደ ቤት መለስኩት።

ረቡዕ ከምሳ በኋላ ፊቱን ሊታጠብ ተነሣ። "ትንፋሽ አጠረኝ" ብሎ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፤ ከዚያ ወዲያ አልተናገረም። የክሊኒኩ ሰዎች ሮጠው ቢመጡም አልደረሱበትም፤ የረጋው ደም ከእግሩ ወደ ሳንባው ሄዶ ነው አሉኝ። ማክሰኞ ቢታይ ይተርፍ ነበር ወይ ብዬ ሐኪሟን ጠየቅኳት። ይተርፍ ነበርም አላለችኝ፣ አይተርፍም ነበርም አላለችኝ።

አስከሬኑን ወደ አገር ቤት የሚልኩት ሰዎች ቀብድ በጥሬ ገንዘብ ጠየቁኝ። በሩ ላይ ወዳለው ማሽን ሄድኩ። በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ትንሽ ነው፣ ቀብዱ ብዙ ነው። አወጣሁ፣ ካርዱን መልሼ ከተትኩ፣ እንደገና አወጣሁ። ከኋላዬ የተሰለፉት ማጉረምረም ጀመሩ፤ ጥበቃው ፊቴን አየና ዝም አሰኛቸው። ሰባት ጊዜ አወጣሁ፤ ሰባቱንም ጊዜ ሁለቱን ኮሚሽን ከፈልኩ። ማክሰኞ ለእሱ የነፈግኩት የአንዱን ጊዜ ብቻ ነበር።