የቤዝመንቱ ወለድ አገድ

ልጅ ሳለሁ ተረት የሰማሁት እያስተረጎምኩ ነው። አንዱን ጆሮዬን ለአማርኛ፣ ሌላውን ለእንግሊዝኛ ሰጥቼ፣ በሁለት አዛውንቶች መካከል ተገትሬ የአንዳቸውን ታሪክ ለሌላቸው ሳቀብል ነው ያደግኩት። እንደኔ ያለች ድንጉጥ ልጅ ደግሞ አንድ ታሪክ ሁለት ጊዜ ያስደነግጣታል፤ መጀመሪያ ስትሰማው፣ ቀጥሎ በራሷ አፍ ስትናገረው።

ቤታችን ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ የጡብ ቤት ነው። ላዩ የኛ፣ ታቹ ቤዝመንቱ የአባባ ዘለቀ ነበር። አባባ ዘለቀ የጎጃም ሰው ናቸው፤ ከአባቴ ጋር ዲሲ አንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ለዓመታት አብረው ሠርተዋል። ሚስትም ልጅም አልነበራቸውም። ዩ ስትሪት አጠገብ ይኖሩበት የነበረው ሕንጻ ኪራዩ አልቀመስ ሲላቸው እኛ ጋ ገቡ። ኪራይ እንደማይከፍሉ እናቴ በስልክ ስታወራ ሰምቼ ስለነበር፣ ያኔ ለነፍሳችን ብለን ያስጠጋናቸው ሰው ይመስሉኝ ነበር። አንጀቴን ይበሉኛል። እራት ላይ እንዳያፍሩ ብዬ ሥጋውን ከራሴ ፊት ወደሳቸው ገፋ አደርግላቸዋለሁ፤ እሳቸውም ምንም ሳይሉ ይበሉልኛል።

ከአጥሩ ማዶ ወይዘሮ ግዌን ነበሩ። በወጣትነታቸው ከዌልስ አግብተው የመጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ክረምት ከበጋ የጎማ ቦቲ የማያወልቁ ሴት። ቅጠል መርገፍ ሲጀምር የወደቀውን ጭራሮ ሁሉ ይለቅሙና ጓሯቸው ባለው የብረት ማንደጃ ያነዱታል። ግማሹ እርጥብ ስለሆነ ጭሱ ዓይን ያጠፋል። አባባ ዘለቀ ግን ያን ጭስ በቤዝመንቱ መስኮት ሲያሸቱ አያስችላቸውም፤ ጋቢያቸውን ደርበው ይወጡና «ማሂ፣ ነይ እንጂ፣ ያለ አፍ ልታስቀሪኝ ነው?» ብለው ይጠሩኛል። አፋቸው እኔ ነበርኩ። የጓሮው በር መብራት ከኋላችን፣ ፍሙ ከፊታችን፣ እናቴ «ያቺ ልጅ ጭስ ጭስ ሸተተች» እያለች በመስኮት ስትነጫነጭ፣ እኔ መሀል ላይ ቆሜ አቀባብላለሁ።

አንድ አመሻሽ ላይ፣ ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ አባባ ዘለቀ የመሬት ተረት አመጡ። «ባገራችን ርስት አይሸጥም፤ የዘር ነው» ብለው ጀመሩ። «የቸገረው ሰው ታዲያ ማሳውን በወለድ አገድ ይሰጣል። ባለገንዘቡ ብሩን ያበድርና መሬቱን ይይዛል፣ እያረሰ ይበላል። ወለድ አምጣ አይልም፤ ምርቱ ወለዱ ነዋ። ባለርስቱ ዋናውን የመለሰ ቀን መሬቱን ይረከባል። ቢፈልግ አሥር ዓመት ይቆይ፣ ልጁ ይምጣ፣ የልጅ ልጁ ይምጣ፣ ርስቱ አይጠፋም።» ይህንን ወደ እንግሊዝኛ ለመመለስ ምን ያህል እንደተጨነቅኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ከዚያ ወደ ሰውየው ገቡ። አንድ ሰው የጎረቤቱን ማሳ በወለድ አገድ ይዞ፣ ዳር ላይ ጎጆ ቀልሶ፣ እዚያው አረጀ አሉ። አንድ የክረምት ቀን፣ ሰማዩ ተቀዶ እየዘነበ፣ የባለርስቱ ልጅ ገንዘቡን በኩታው ጫፍ ቋጥሮ መጣ። እህሉ ገና እሸት ነው። ልማዱ «ሰብልህን እስክትሰበስብ ቆይ» ይላል። ልጁም ቆይ ሊለው ነበር የመጣው። ሰውየው ግን ገንዘቡን ተቀብሎ «እጄ ገብቷል፤ ከእንግዲህ በሰው መሬት አላድርም» አለና በዚያ ዝናብ በሬዎቹን ነድቶ ወጣ።

«ከዚያስ?» አልኩ።

«ከዚያማ ሄደ።»

«የት?»

«እኔ ምን አውቄ። ሄደ።»

ክው አልኩ። የማውቃቸው ተረቶች ሁሉ ሰውየውን የሆነ ቦታ አድርሰው ነበር የሚያበቁት። «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» እንኳ ሳይሉ ተዉት። እንባዬ እየመጣ ለወይዘሮ ግዌን አስተረጎምኩላቸው፤ እሳቸውም የሚቆሰቁሱበትን እንጨት መሬት ላይ አኖሩና ትክ ብለው አዩኝ። አንድ ቃል አሳስቼ መስሎኝ ነበር።

«እኛም አገር እንዲሁ ነበር» አሉ ወይዘሮ ግዌን። እሳቸው ያጫወቱኝን አሁን በአማርኛ እንዲህ ነው የማስታውሰው። በጥንቱ የዌልስ ሕግ መሬት የዘር ነው፣ ለባዳ አይሸጥም። የቸገረው ሰው መሬቱን በመያዣ ይሰጣል፤ ይህንንም ፕሪድ ይሉታል። ባለገንዘቡ መሬቱን ይዞ ይጠቀምበታል። የነሱ ግን ቀን ነበረው፤ መያዣው የአራት ዓመት ነው። አራት ዓመቱ የሞላ ዕለት ባለመሬቱ ገንዘቡን ይዞ ካልቀረበ ሌላ አራት ዓመት ይቀጥላል፤ ያኔም ካልቀረበ ሌላ አራት። እንዲህ እየተባለ ስንቱ ማሳ ሦስትና አራት ትውልድ ሰው እጅ ከርሟል። የወይዘሮ ግዌን አያት ስለ አንድ ሰው ያወሩ ነበር። ወንዝ ሞልቶበት በማግስቱ ደረሰ። መሬቱን የያዘው ሰው እሳት ዳር አስቀምጦ፣ ልብሱን አድርቆ፣ ሾርባ አብልቶ፣ «ከአራት ዓመት በኋላ በሰላም ያገናኘን» ብሎ ሸኘው።

አባባ ዘለቀ ይህን ከአፌ ሲሰሙ ጭናቸውን በጥፊ አሉት። «ይኼማ የኛው ወለድ አገድ ነው! ማን ወሰደላቸው?» አሉ። ከዚያ ትንሽ አሰብ አደረጉና «ቀን ማበጀታቸው ግን ብልህነት ነው። ማንም ማንንም በድንገት አያስነሣም» አሉ።

ይኼኔ አባቴ ከሥራ ገባና ቦርሳውን እንደያዘ ወደ እሳቱ መጣ። አባባ ዘለቀ ቀና ብለው «ስማ እንጂ፣ የኛንም ወለድ አገድ በኚህ ሴት አገር ሕግ እናድርገዋ። ካሁኑ ምሽት ይቆጠር» አሉት። አባቴ ሥራ አድክሞት ነበር መሰለኝ እየሳቀ «እሺ፣ እርስዎ ካሉ» አለ። ወይዘሮ ግዌን ምን ተባለ ብለው ጠየቁኝ፤ እኔ ግን ወደ አባቴ ዞርኩ። የኛንም? የኛ የምን ወለድ አገድ አለን?

አባቴን እጁን ይዤ ጎትቼ ጠየቅኩት። ቤቱን ስንገዛ ዳውን ፔይመንቱን፣ የቅድሚያ ክፍያውን፣ ያበደሩን አባባ ዘለቀ ነበሩ። የዕድሜ ልካቸውን ጥሪት ነው የሰጡን። ወለድ አይጠይቁም፤ በወለዱ ፋንታ ቤዝመንቱን ይዘዋል፣ ገንዘባቸው እስኪመለስ ድረስ ታቹ የሳቸው ነው። ያስጠጋናቸው ሳይሆን ያስጠጉን ሰው ኖረዋል። ያን ሁሉ ሥጋ ወደሳቸው ስገፋ ምን ይሉኝ እንደነበር አስቤ ፊቴ ጋለ። «ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?» ስላቸው፣ «ሥጋው ይቀርብኛላ» አሉኝ።

ለወይዘሮ ግዌንም ነገሩን አስረዳሁ። እሳቸው አልሳቁም፤ በእሳቱ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ለሁለቱም ወንዶች ራሳቸውን ነቀነቁላቸው። ምስክር ነኝ ማለታቸው ነው።

ዓመቱ ዞረ። አባቴ ከዲሲ ማዶ አልክሳንድርያ ሁለተኛ ሥራ ይዞ፣ እሑድን ሳይቀር ሠርቶ፣ ገንዘቡን ሞላው። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ምሳ ላይ፣ አባቴና እናቴ ከወንበራቸው ተነሥተው ቼኩን ለአባባ ዘለቀ በሁለት እጃቸው ሰጧቸው። አባባ ዘለቀም ተነሥተው መረቁ፤ «ከፍ በሉ፣ ከፍ ያድርጋችሁ» አሉ። እናቴ ፊቷ በርቶ ነበር። እኔም እጄ እስኪቀላ አጨበጨብኩ፣ ጅሏ።

ከሰዓት በኋላ ብርቱካን ላደርስላቸው ወደ ቤዝመንቱ ወረድኩ። ሻንጣው አልጋው ላይ ተከፍቷል። ብርድ ልብሱ ታጥፏል። ግድግዳው ላይ የነበረው የማርያም ሥዕል ወርዶ በፎጣ ተጠቅልሏል።

«አባባ፣ የት ሊሄዱ ነው?»

«ሎረል። አንድ ዘመዴ ሶፋ አለችኝ ብሏል።»

«መቼ?»

«ዛሬ ነዋ። እጄ ገብቷል፤ ከእንግዲህ በሰው ቤት አላድርም።»

ያ በዝናብ በሬዎቹን የነዳው ሰውዬ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ብርቱካኑ ከእጄ ወድቆ አልጋው ሥር ገባ። ተረት ነው ያልኩት ነገር ጫማውን እያሰረ ነበር። ወደ ላይ በረርኩ፤ አባዬና እማዬን «አባባ እየሄዱ ነው፣ ከልክሏቸው እንጂ» አልኳቸው። እናቴ እጇ ሳሙና እንደሆነ ደርቃ ቀረች። አባቴ ቁጭ አለ። ግን ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም። እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ይኸው ነው።

«ቅሩ እንዴት እንበላቸው?» አለች እናቴ፣ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች። «ገንዘባቸው እኛ ጋ ታስሮ ነው የቆዩት ይሆናላ። ወደ ሰዋቸው መሄድ ፈልገው ከሆነስ? ቅሩ ብለን ብናስቀራቸው፣ ከፍለን ደግሞ ልናዛቸው ነው?» አባቴ «ሂዱ ያልናቸው ይሆን የመሰላቸው?» አለ፣ ግን ለኔ አይደለም፣ ለጠረጴዛው ነው ያለው። እላይ ያሉት እንዳናስገድዳቸው ብለው ዝም፤ ታች ያሉት እንዳልከብዳቸው ብለው ዝም። ይሉኝታ የሚሉት ነገር ሦስት ሰው አንድ ላይ ሲገድል በዓይኔ አየሁ።

እንደገና ወረድኩ። ሻንጣው ተዘግቶ ነበር። ምን ልበል? እንዲቀሩ የምለምንበት ቃል አልነበረኝም፤ አማርኛዬም እስከዚያ አያደርስም። የነበረኝ ያ እሳት ዳር በራሴ አፍ የተናገርኩት ነገር ብቻ ነው።

«ቀኑ አልደረሰም» አልኳቸው።

«የምን ቀን?»

«አራት ዓመት። በወይዘሮ ግዌን አገር ሕግ ይሁን ብለዋል። አባዬም እሺ ብሏል። ገና አንድ ዓመቱ ነው። ከቀኑ በፊት ገንዘብ አይቀበሉም።»

«እሱማ ጨዋታ ነበር፣ ልጄ።»

«ወይዘሮ ግዌን አልሳቁም» አልኩ።

ሻንጣውን እንደያዙ ቆሙ። ከዚያ «እስቲ ጥሪያቸው» አሉኝ። አጥሩን ዘልዬ ጠራኋቸው፤ ወይዘሮ ግዌን ከነቦቲያቸው፣ ጭቃቸውን እያንጠባጠቡ የኛን ደረጃ ወረዱ። አባትና እናቴም ከኋላ መጡ። ነገሩን በሁለቱም ቋንቋ ተናገርኩ። ወይዘሮ ግዌን ሻንጣውን አዩ፣ ባዶውን ግድግዳ አዩ፣ ከዚያ ችሎት ላይ እንዳለ ሰው ቀጥ ብለው ቆሙና «እኔ ሰምቻለሁ። ቃሉ ከወጣ ሕጉ ሕግ ነው። ያለ ቀኑ የመጣ ገንዘብ ወደ ቤቱ ይመለስ» አሉ።

አስተረጎምኩ። አባባ ዘለቀ አልጋው ላይ ቁጭ አሉና ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። ሽማግሌ ሲያለቅስ አይቼ ስለማላውቅ ያመማቸው መስሎኝ ደነገጥኩ። ቆይተው «ተመስገን፣ ቀን ያለው ሕግ» አሉ፤ ቼኩንም ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ለአባቴ ዘረጉለት። አባቴ «ዕዳ ከሜዳ» አለና ተቀበለ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር።

ሦስት ዓመት ቆይቶ ቀኑ ሲደርስ እንቅልፍ አልነበረኝም። ማለዳ አባባ ዘለቀ ከረባት አስረው ላይ ሳሎን መጥተው ተቀመጡ። አባቴ ስለ ዝናቡ አወራ፣ እናቴ ስለ መኪናው ጎማ አወራች፣ ወይዘሮ ግዌን የዱባ ኬክ ይዘው መጡ። ስለ ገንዘብ ያነሣ ሰው አልነበረም። ጀምበር ስትጠልቅ አባባ ዘለቀ ከረባታቸውን ፈቱና «እንግዲህ አለፈ» ብለው ወደ ታች ወረዱ። በቀጣዩ አራት ዓመትም እንደዚሁ፤ ከዚያም በኋላ።

ወይዘሮ ግዌን በሞት ቀደሙ። አባባ ዘለቀ ካቻምና በዚያው ቤዝመንት፣ በተኙበት አረፉ። እኔ ያኔ አልክሳንድርያ ተከራይቼ እኖር ነበር፤ ኪራዩ አንገቴን አንቆኝ። የአርባቸው ዕለት አባቴ ወደ ቤዝመንቱ ወስዶኝ ቁልፉን እጄ ላይ አደረገ። «ወለድ አገድ በሞት አይፈርስም፣ ይወረሳል» አለኝ። «አባባ ዘለቀ፣ ገንዘቡ የማሂ ነው፤ እስክትከፍላት ታቹን እሷ ትያዝ ብለዋል። በኚያ ሴትዮ ሕግ መሠረት።» ክው ብዬ ቀረሁ። ለኔ ለድንጉጧ እንዲህ ያለ ነገር በቁሜ ይነገራል? የማርያም ሥዕል ግድግዳው ላይ ቦታው ላይ ነበር፤ ከሥሩ ቁጭ ብዬ እስኪወጣልኝ አለቀስኩ።

ከእሳቱ ዳር ብዙ ነገር ጠፍቶብኛል፤ የወይዘሮ ግዌንን ድምፅ እንኳ እንደ ልቤ ማምጣት አልችልም። የቀረኝ ያ በዝናብ የሄደው ሰውዬ ነው። ጎጃም ውስጥ ቀን የሚያስታውስለት አንድ ሰው አጠገቡ ቢኖር ኖሮ ያድር ነበር እላለሁ። አባባ ዘለቀ ያን ተረት ለምን ሳይጨርሱት እንደተዉት ደግሞ እያደር ነው የገባኝ፤ የሚጨርሱበት ቦታ አልነበራቸውም።

ዘንድሮ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር አራት ዓመቱ ሞልቶ ቀኑ ደረሰ። ማለዳ የአባቴን ኮቴ ደረጃው ላይ ሰማሁ፤ አርጅቷል፣ ቀስ እያለ ነው የሚወርደው። በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። ኪሱ ውስጥ ወረቀት፣ ቼኩ መሰለኝ፣ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ።

«ማሂ፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» አለ።

«አላውቅም፣ አባዬ» አልኩት። «ረስቼዋለሁ።»

«እኔም» አለና ተመልሶ ወጣ።