መሄድ ማስመሰል ያቃታቸው ተዋናይ

ባለፈው ጥር የቀበርናቸው አጎቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ አዲስ አበባ መድረክ ላይ ንጉሥም ሌባም ሆነው ሲተውኑ ኖረው፣ ሲያረጁ ደብረ ብርሃን እኔ ዘንድ ገቡ። አንድ ነገር ግን አይሆንላቸውም ነበር፤ ገበያ ላይ ትቶ የሚሄድ መምሰል።

አንድ ፋሲካ ከአንድ ገበሬ ጋር በበግ ዋጋ ስንከራከር፣ “ጋሼ፣ ዞር ብለው መንገድ ይጀምሩ፤ ራሱ ይጠራናል” አልኳቸው።

“አላደርገውም። ያለውን ክፈለው።”

“መድረክ ላይ ስንቴ የሞቱ ሰው፣ መሄድ ማስመሰል አቃተዎት?”

“እዚያ ተመልካቹ ማስመሰሌን አውቆ ነው ትኬት የሚቆርጠው። ይህ ገበሬ ግን እውነት መስሎት ይደነግጣል።”

እያጉረመረምኩ ከፈልኩ። የሚደነግጥ በግ ሻጭ አይቼ አላውቅም ነበር።

ዘንድሮ ብቻዬን ገበያ ወጣሁ። እንደ ልማዴ ትቼ መንገድ ጀመርኩና፣ እስኪ ልየው ብዬ የሻጩን ፊት ዞሬ አየሁ። እውነትም ደንግጧል። “ልክ ነዎት ጋሼ” ልል ወደ ጎኔ ብዞር፣ ማንም የለም።