የፔትራ ትኩሳትና የኢንገላ መልስ

ኢንገላ በሰሜን ስዊድን ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን ስትንከባከብ የኖረች ነርስ ነበረች። ትንሽ ቁጡ ናት፤ በር በኃይል የዘጋ ሐኪም ካገኘች አትምረውም። ለሕፃናቱ ግን እንደ እሷ የሚሳሳ አልነበረም።

አንድ ክረምት ፔትራ የምትባል እናት የልጇ ማሞቂያ ሳጥን አጠገብ ተቀምጣ፣ የልጇን አንጎል የጎዳው በእርግዝናዋ የያዛት ትኩሳት ይሆን እንደሆነ ጠየቀቻት። ኢንገላም ሳታቅማማ «አይደለም» አለቻት። ቤቷ ስትገባ ግን ነገሩ ይከነክናት ጀመር። ከየት አመጣችው? የማታውቀውን እንደምታውቅ ሆና ነበር የተናገረችው።

ሌላ ሰው ቢሆን ይረሳዋል። እሷ ግን ሰው ጡረታውን በሚያስብበት ዕድሜ ዩኒቨርሲቲ ገባች። ባሏ ቱርቢዮርን፣ ልጆቻችን ሲመረቁ አንቺ ጀመርሽ እያለ ይስቅባት ነበር፤ እየሳቀም ራቷን ይሠራላታል።

በቤተ ሙከራ እርጉዝ አይጦች ላይ ብግነት፣ ማለትም ከትኩሳት ጋር የሚመጣውን የሰውነት መቆጣት፣ እያስነሣች የግልገሎቻቸውን አንጎል መረመረች። ሰውነት ሲቆጣ የመከላከያ ሞለኪውሎች ይበዛሉ። በማደግ ላይ ባለ አንጎል ውስጥ ደግሞ ከእነዚሁ ሞለኪውሎች አንዳንዶቹ ሌላ ሥራ አላቸው፤ በነርቭ ሕዋሳት መካከል የትኛው ግንኙነት እንደሚቀር፣ የትኛው እንደሚቆረጥ በመወሰን ያግዛሉ። ከልክ ሲያልፉ መቆረጥ የሌለበትም ይቆረጣል። ስለዚህ ያ «አይደለም» ያለችው ቃል ልክ አልነበረም። አመማት፤ ሆኖም ያየችውን ሁሉ ጻፈችው። እኔ ኢንገላን የማከብራት በዚህ ነው።

የዶክትሬት ጽሑፏን፣ በስዊድን ወግ እንደሚደረገው፣ ሰው ሁሉ እንዲያየው ዩኒቨርሲቲው ግድግዳ ላይ በሚስማር መታች። ሚስማሩ ሲጣመምባት ጓደኞቿ ከመርፌ ሌላ አታውቂም ብለው ቀለዱባት።

ጽሑፏን ለሕዝብ ክፍት በሆነ አዳራሽ በተከራከረችበት ቀን፣ ፈታኙ ከጨረሰ በኋላ፣ ከታዳሚው የሚጠይቅ ካለ ተባለ። ብዙውን ጊዜ ይህ ለወጉ ነው፤ የሰው ልብ ለደስታው ከአዳራሹ ውጭ የተደረደረው አረንጓዴ ኬክ ላይ ነው። ከኋላ ግን ኮቷን እንደለበሰች የተቀመጠች አንዲት ሴት ተነሣች። ፔትራ ነበረች።

«ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ እስካሁን መራመድ ያስቸግረዋል» አለች። «ያኔም ጠይቄሻለሁ። ትኩሳቴ ነው?»

ኢንገላ ፈታኙንም ዲግሪውንም ረሳች።

«አላውቅም፣ ፔትራ» አለች። «ሊሆን ይችላል። ያን ቀን አይደለም ማለት አልነበረብኝም። ግን አንድ ሆድ ውስጥ ካደሩ፣ ያው ብግነት ካገኛቸው ግልገሎች አንዱ ተጎድቶ ሌላው ደህና ሲሆን በዓይኔ አይቻለሁ። ለምን እንደሆነ ገና አልደረስኩበትም። መታመም ደግሞ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ያንቺ ነው የሚልሽ ካለ፣ አያውቅም።»

ፔትራ አልተቀመጠችም።

«ያን ቀን አላመንኩሽም ነበር፤ ቸኮልሽ» አለች። «ዛሬ አመንኩሽ።»

ከዚያ ኮቷን አውልቃ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና ተቀመጠች።